«ሀ» የተባለችው ሴት

«ሴትዮዋን ‹ሀ› እንበላት» አለች ሳምሪ። ሰሌዳው ላይ አንዲት ፊደል ብቻዋን ቆመች።

እናቷ እትዬ በላይነሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። እጆቻቸው የሌላ ሰው መስለው ጭናቸው ላይ ተጋድመዋል። ፊደል ባይቆጥሩም ፊደሏ የማን እንደሆነች አላጡም። ብርቅዬ ናት፤ ቀራንዮ ሰፈር ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤታቸው። ትናንት ማለዳ ሞታለች፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ትቀበራለች። ሳምሪ «እማዬ፣ አንድ ቀን መጥተሽ ስሚኝ» እያለች ስትለምናቸው ከርማ ዛሬ እሺ ያሏት ከዚያ ቀብር ለመራቅ ነው። ሌላ ሰፈር የምትኖረው ልጃቸው ይህን አታውቅም።

የተግባር ፍልስፍና ሴሚናር ይሉታል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ዛሬ ጽሑፍ የምታቀርበው ሳምሪ ናት። የዛሬው ጥያቄ «የማይቀብርን ሰው የመቅበር ግዴታ አለብን ወይ?» የሚል ነው። በላይነሽ ሳቅ መጣባቸው፤ ሳይወጣ ቀረ። ይሄን ለመጠየቅ ይህን ሁሉ ፎቅ መውጣት ምን ይሉታል? የሴቶቹ እድር ሰብሳቢ ሆነው ሃያ ዓመት የፈረዱበት ነገር ነው። ሦስት ቀብር የቀረ ከእድሩ ይሰረዛል። ብርቅዬም ተሰረዘች። ሦስተኛው ቀብር የበላይነሽ ልጅ፣ የባምላኩ ነበር። ሳምሪ የወንድሟን ነገር ጽሑፏ ውስጥ አላስገባችውም።

ጉልላት የሚባለው መምህር መነጽሩን አወለቀ። «እድር ውል ነው። ውል ያፈረሰ በውሉ ሊጠይቅ አይችልም።»

ልክ ነው። የራሳቸው የበላይነሽ ቃል ነው። ግን የገዛ ድስታቸውን ሰው ቤት ተጥዶ እንዳዩ ሁሉ እንግዳ ሆነባቸው።

ከፊት ኢክላስ የምትባል ተማሪ እጇን አነሳች። «ለምን እንደቀረች የጠየቃት ሰው አለ?»

ሳምሪ ወረቀቷን ገለጠች፤ መልሳ ገለጠች። «መረጃው ላይ የለም።»

«አልተጠየቀችም» አሉ በላይነሽ። ሁሉም ዞረ። «ያሰረዝኳት እኔ ነኝ። ስም አላት፤ ብርቅዬ ትባላለች። ዛሬ ትቀበራለች፤ እናንተ እዚህ ተነታረኩ።»

«እማዬ! ሞተች? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትሄጃለሻ።»

ጉልላት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ አሁን ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም። ልጄ ከሞተ ወዲህ ምንም። ለዚህስ ፊደል አላችሁ?»

መልስ አልጠበቁም፤ ተነሱ። ሳምሪ ቦርሳዋን እንኳ ሳትዘጋ ተከተለቻቸው። ታክሲ ያዙ።

ቀራንዮ ሲደርሱ ቀብሩ አልቋል። ብርቅዬ ደጅ የእድር ድንኳን የለም፤ አንዲት ሸራ ተወጥራ፣ ከሥሯ ሰባት ስምንት ሰው ኮርምቷል። ድሮ በላይነሽ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ድምፃቸው ሰፈር ያስወጣ ነበር። ሁሉም ቀና ብሎ ያንን ድምፅ ጠበቀ። አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣም። ሁለተኛም ሞከሩ። ደረታቸው ባዶ ጎተራ ነው።

የብርቅዬ ልጅ ምሥራቅ ተነስታ ፊታቸው ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«ልጄ» አሉ በላይነሽ፤ «እናትሽ ባምላኩ ሲቀበር ለምን ቀረች?»

 ምሥራቅ አንድ የለስላሳ ሳጥን ገለበጠችና አቧራውን በእጇ ጠረገች።

«ቁጭ ይበሉ መጀመሪያ፤ እነግርዎታለሁ።»

በላይነሽ ተቀመጡ።