ተሰርቆ የተተከለ ብርጭቆ

የአውቶቡስ ሹፌሩ አማት አንድ ክፉ አመል ነበረባቸው፤ አበባ ካዩ እጃቸው አያርፍም። የሰው አጥር ይሁን የሆስፒታል በር፣ ጫፉን ቀንጠብ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ሸጎጥ ነው። «አበባ ተለምኖ አይጸድቅም፤ ሰርቀው ሲተክሉት ነው የሚጸድቀው» ይላሉ። የሚኖሩበት የልጃቸው ቤት በረንዳ እግር ማሳረፊያ እስኪታጣበት ድረስ ጫካ ሆኗል።

ስለዚህ ሚስቱ «ዛሬ ማታ እማዬን ወደ ዕፅዋት መናፈሻው ውሰዳት፤ የብርጭቆ አበባ ኤግዚቢሽን አለ» ስትለው ሹፌሩ እፎይ አለ። ብርጭቆ አይቀነጠብማ!

መናፈሻው በጨለማ ሌላ ዓለም ሆኖ ጠበቃቸው። በእውነተኛው ቅጠል መሃል ቀይ የብርጭቆ እንቡጥ፣ ሰማያዊ የብርጭቆ ሐረግ ከሥር በተተከለ መብራት ቦግ ብሏል። ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ሲያይ ከኋላው «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ዞር ሲል አማቱ ቦርሳቸውን ይዘጋሉ።

«እማማ! ምን አደረጉ?»

«ከጫፏ ትንሽ ነው። እናቲቱን አልጎዳኋትም።»

«ብርጭቆ እኮ ነው!»

«ምነው፣ ዕውር መሰልኩህ? ብርጭቆ ስለሆነ ነዋ! ይሄ ዓይነት በረንዳዬ ላይ የለኝም።»

ሹፌሩን ላብ አጠመቀው። ጥበቃው ፊሽካውን እየነፋ መጣ፤ ተከትሎትም አበቦቹን የሠራው አርቲስት ከተፍ አለ። ሹፌሩ ተጎንብሶ «ይቅርታ ጌታዬ፣ እርጅና ነው» ሲል አማቱ «እርጅናህን ለራስህ!» ብለው ተቆጡት።

አርቲስቱ የተሰበረውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው። «እማማ፣ ለምን እዚህ ጋ ቆረጡት?»

«ከአንጓው በታች ነዋ! ከላይ ከቆረጡትማ ሥር አይሰድም።»

የሰውዬው ዓይን እንባ አቀረረ። ሰው ሁሉ ስንት ያወጣል፣ እንዴት ይሠራል ነበር የሚለው፤ ይጸድቃል ያለ ግን አልነበረም።

«ጌታዬ፣ ፖሊስ ልጥራ?» አለ ጥበቃው።

«አፈር አምጣ!» አለ አርቲስቱ።

ጥበቃው ትእዛዝ አክባሪ ነበርና ባርኔጣውን ሙሉ አፈር ይዞ መጣ። አራቱም በአንድ ታክሲ ተጠቅጥቀው ቤት ሄዱ። በር የከፈተችው ሚስት፣ የሚያለቅስ ሰውዬና አፈር የታቀፈ ዘበኛ ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ውሃ ልታመጣ ገባች። አማት ስባሪዋን በትልቅ ጣሳ ተከሏት፤ አርቲስቱ ውሃ ሲያበዛ እጁን ቸብ አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ አርቲስቱ እሑድ እሑድ «እንዴት አደረች?» እያለ ይመጣል። «ሥር እየሰደደች ነው፤ አትነካካት!» ይሉታል። ሹፌሩ አንዴ በአማቱ ያዝናል፣ አንዴ በአርቲስቱ፤ «ሁለቱም ለይቶላቸዋል» እያለ ለጓደኞቹ አውርቶ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

አንድ ጊዜ አማት እህታቸውን ሊጠይቁ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዱ። የበረንዳው አደራም በሹፌሩ ላይ ወደቀ። አንድ ከሰዓት ላይ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና በረዶ ይወርድ ጀመር። ሹፌሩ ምሳውን ትቶ በባዶ እግሩ ወደ በረንዳው ሮጠ፤ ጣሳዋን ካናቴራው ውስጥ ወሽቆ፣ በረዶው አናቱን እየቀጠቀጠው ተመለሰ።

ሚስቱ በመስኮት አየች። የእናቷ አበቦች በሙሉ እየረገፉ ነው።

«ሌሎቹስ?» አለችው።

«ሌሎቹ ይችሉታል» አለ ሹፌሩ፣ የጣሳዋን አፈር በጣቱ ጠቅ ጠቅ እያደረገ። «እሷ ገና ሕፃን ናት።»