የካውያው ሕግ

በዚያ ስፌት ቤት ጉንፋን የያዘው ሰው ልብስ ሊተኩስ ካውያ ላይ ይቆማል። ሕጉን ያወጣው እዚያው ከባሏ ጋር የምትሠራው ሴት ዋርሳ ነው፤ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ የቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚለው። እንፋሎቱ አፍንጫ ይከፍታል፣ ላብ ያወጣል፣ አለቀ። ደግሞ ለዓመታት የሠራ ሕግ ነው፤ ሰፊዎቹ እያስነጠሱ ይቆሙና እየተሳሳቁ ወደ ስፌት መኪናቸው ይመለሱ ነበር።

አዲሱ በሽታ ሲመጣም ጋሼ ፍንክች አላለም። ጉንፋንም በየዓመቱ ሰው ይገድላል፣ ታዲያ ማን ሱቁን ዘጋ እያለ ይከራከር ነበር። ባሏ ትኩሳት ይዞት ልተኛ ቢል፣ የታዘዘው የዘበኞች ደንብ ልብስ ሳይተኮስ የትም አትሄድም ተባለ።

«ጉንፋንን ሰውነቴ ያውቀዋል፣ ጋሼ» አለ ባሏ ካውያውን እንደያዘ እያለከለከ። «ይሄኛው ግን እንግዳ ነው።»

ጋሼ ሳቀበት። ባሏ ሆስፒታል ገብቶ በእግሩ አልወጣም። ለቅሶ ላይ ደግሞ ያ ዓይን አውጣ፣ ድሮም ደረቱ ደካማ ነበር እያለ ለመጣው ሁሉ አወራ። በር የሚያህል ደረት! የልጆቿ እንጀራ ግን ከዚያው ቤት ነውና ቂሟን ቋጥራ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

በዓመቱ ጋሼ ራሱ ሳል ያዘው። ወዲያው ተመርምሮ መጣና ውጤቱ በስልክ እስኪነገረው ጨርቅ ማስቀመጫው ክፍል ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ክሊኒኩ ሲደውል ስልኩን ያነሳችው እሷ ነች። «ጉንፋን ብቻ ነው? አዲሱ አይደለም?» ስትል ሰፊዎቹ ሁሉ ሰሙ። ደስ አላት፤ ለሱ ብላ ግን አልነበረም። ትንሽ አንገብግባው ልትነግረው አስባ ወደ በሩ ሄደች።

«ደወሉ?» አለ ከውስጥ። «ልሞት ነው መሰለኝ። ልጆቼን አደራ።»

«ጉንፋን ነው፣ ጋሼ። ይውጡና ካውያው ላይ ይቁሙ» አለች፣ መደወላቸውን ሳትነግረው፣ እሱው ለሠራተኛ በሚለው ድምፅ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድይኝ ነው? በዚህ ትኩሳት ካውያ ላይ ሰው ይቆማል?»

ሰፊዎቹ መስፋታቸውን አቁመው ወደ በሩ ዞሩ።

«ባሌ ቆሟል» አለች። «ደረቱ ደካማ ነበር ብለው ለሰው ሁሉ አውርተዋል። አሁን ምን እንደገደለው ይናገሩ። ሁሉም እየሰማ ነው።»

ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀች።

«ጉንፋን አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ገና ሳቆመው አውቅ ነበር። ደንብ ልብሱ እንዳይዘገይ ብዬ ነው።»

አውቅ ነበር! እሷ አላወቀም ነበር ብላ ነው እስከዛሬ የቻለችው። ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«ታዲያ ክሊኒኩ ምን አለ? እባክሽ፣ እህቴ።»

«ገና አልደወሉም» አለችና የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች። ጉንፋን ብቻ መሆኑን በጆሯቸው የሰሙት ሰፊዎች ሁሉ አጎንብሰው መስፋታቸውን ቀጠሉ።