ባላጋራ በሌለበት

ስልኩ ሲጮህ አቶ ሰይፉ አንደኛውን ጫማ አስረው ሌላውን ገና አላጠለቁም ነበር። በአንድ እግር እያነከሱ ሄደው አነሱት። ስልክ ሳያነሱ ቀርተው አያውቁም፤ እዚህ እስራኤል፣ በኪርያት ኖርዳው ሰፈር፣ መርዶ የሚመጣው በስልክ ነው፣ ለቅሶ የቀረን ሽማግሌ ደግሞ ማን ሽማግሌ ይለዋል? ጆሯቸው ስለ ደከመ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተውታል።

«ሰላም ወገኖቼ!» አለች ልጃቸው ብርሃነሽ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ? ወረድሁ እኮ።»

ብርሃነሽ ሰላምታቸውን አልመለሰችም። «ያንን ሰው ታምኑታላችሁ? ለእኛ ልጆች ምን አደረገ? ‹ውሻ በበላበት ይጮኻል› ይላሉ አባቶቻችን…» እያለች ቀጠለች። ሁለቴ «ልጄ!» ብለው ከተጣሩ በኋላ ነው የተቀዳ የምርጫ ቅስቀሳ መሆኑ የገባቸው። ቢሆንም አልዘጉትም፤ የተናጋሪን አፍ መቁረጥ አልለመደባቸውም። ተረቱም የራሳቸው ነበር፤ ከነአማርኛው ያወረሷት እሳቸው ናቸው።

ወሩን ሙሉ እንዲህ ነበር። ለከንቲባነት የሚፎካከሩት ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሌባ ይለዋል፣ ያኛው ይህኛውን ውሸታም። የአንዱን ፊት በባላጋራው ፖስተር ላይ እንጂ በራሱ ላይ ያየ የለም። ከወራት በፊት ስለ ጠፋው የመንገድ መብራት ግን አንድም ቃል የተነፈሰ አልነበረም። አቶ ሰይፉን ያበሸቃቸው ይህ ነው። እሳቸው በተቀመጡበት ሽምግልና ከሳሽ አስቀድሞ የራሱን ጉዳይ ይናገራል። ባላጋራው በሌለበት ስድብ የጀመረ፣ ጢሙ የሸበተም ቢሆን፣ እስኪበርድለት ደረጃው ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ስንቱን አስወጥተዋል!

ብርሃነሽ ከሕንፃው ሥር መኪናዋን አስነስታ ትጠብቃቸው ነበር።

«አባዬ፣ ሰሙት? እንዴት ነው?»

«አማርኛሽ ጥሩ ነው።» ገብተው የመኪናውን ቀበቶ አስረው ሲያበቁ፣ «የዚያኛውን ሰውዬ ጉድ ሰማሁ። ያንቺስ ሰው ምን ሊሠራልን ነው?» አሏት።

መሪውን አዙራ መኪናዋን ወደ መንገዱ አወጣች። «ሰዎቹ ጽፈው የሰጡኝ ያንን ብቻ ነው» አለች። «ኩላም ኦሲም ኬን፣ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ደግሞ ካሸነፈ ኢሪያ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ሥራ ሊያስገቡኝ ነው። ያውቃሉ።»

ያውቃሉ። ዘጠኝ ዓመት በሳፒር መጋዘን ሳጥን ስታሽግ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። ያን እያዩ ለሌላው ሰው መምረጥ ከበዳቸው፤ ለእሷ ሰው መምረጥም እንደዚያው።

ምርጫው በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነበር። አስመራጯ መታወቂያቸውን አይታ ቢጫ ፖስታ ሰጠቻቸው፤ ከካርቶን መከለያው ጀርባ ገቡ። የእጩዎቹ ስም የታተመባቸው ወረቀቶች በየሳጥናቸው ተደርድረዋል፤ የመረጡትን አንስቶ ፖስታው ውስጥ መክተት ነው። ስለ ብርሃነሽ ጣቶች እያሰቡ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ሰው ወረቀት ሰደዱ።

በዚህ መሐል ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። መርዶ ቢሆንስ? ተጫኑት።

«ሰላም ወገኖቼ!»

ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ተራ ይጠብቅ የነበረው ሰልፈኛ ሳቀ። «አዶኒ! ጌታዬ፣ ስልኩን!» ስትል አስመራጯ በዕብራይስጥ ጮኸች። በሩ ላይ የቆመችው ብርሃነሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አቶ ሰይፉ መዝጊያው የቱ እንደሆነ ያውቃሉ፤ አልዘጉትም። ቆመው እስከ ውሻው ተረት ድረስ አዳመጡ።

ድምፁ አበቃ።

«ጨረስሽ?» አሉ ከካርቶኑ ጀርባ፣ ከሳሽን እንደሚጠይቁት።

መልሱ ከበሩ በኩል መጣ። «ጨረስሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲያስ የራስሽን ጉዳይ ተናገሪ።»

ብርሃነሽ እጇን ከፊቷ ላይ አወረደች። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ እሷን እሷን ያይ ጀመር። አቶ ሰይፉ ባዶውን ፖስታ እንደያዙ ይጠብቁ ነበር።