ዋስ የሚቀመጥበት ድንጋይ

እታለም ዕድሜዋን የጨረሰችው ለሰው አገር ሰው በመቆም ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ በደረሰ ቁጥር ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከጋይንት ማጭዱን በብብቱ ሸጉጦ የሚወርደው ደገኛ ሁሉ ወረታ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእሷን ቤት ነበር። አጫጆቹ በአንድ ቃል እንዲናገሩ ያስተማረች እሷ ናት። ወባ የጣለውን አጫጅ ያሠራው ገበሬ እንዲያስታምም፣ ማደሪያቸው ሜዳ መሆኑ ቀርቶ ጣሪያ ሥር እንዲሆን፣ የሞተውን እድሩ እንደ አገሬው ሰው እንዲቀብር ሽማግሌዎቹን ወጥራ ይዛ አስማምታለች። ስትቆጣማ ለጉድ ነው፤ ቄስም ይሁን ሊቀመንበር ምላሷ አይመርጥም።

ከሁሉ የከበደው ግን የዋስ ነገር ነበር። በዚያ ደብር ልማድ የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ እስኪጣራ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም በደብሩ ውስጥ መሬት ያለው መሆን አለበት። ተከሳሹ ከጠፋ የሚከፍለው ዋሱ ነው። ደገኛው ታዲያ በሰው አገር ማንን ይጥራ? ዋስ ያጣ አጫጅ ከነጓደኞቹ ይባረር ነበር። እታለም ይህን አይታ አላስችል አላት። ባሏ ትቶላት በሞተው መሬት ዋስ እየሆነች፣ ሽማግሌዎቹ በሚፈርዱበት ሾላ ሥር ከተከሳሹ አጠገብ ባለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠች አረጀች። ዋስ ከሆነችለት ሰው አንድም ጠፍቶ ያሳፈራት የለም።

ዘንድሮ በኅዳር የያየህ የውሃ ሞተር ጠፋ። ያየህ ብዙ ሩዝና ሽንኩርት ያለው ገበሬ ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ግልፍተኛ ነው እንጂ። ሞተሩ ከነበረበት ዳስ አጠገብ ያድር የነበረው ሰጠኝ የሚባል የስማዳ አጫጅ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ሳይጠይቅ እሱን ጎትቶ ሾላው ሥር አቀረበው። ጓደኞቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ከኋላ ቆሙ። ሰጠኝ ዋስ ካጣ የሁሉም የዓመት ልፋት እዚያው ቀረ ማለት ነው።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መሪጌታ ገብረ ኪዳን፣ "ዋስ ጥራ" አሉት።

"እማማ እታለምን።"

እታለም ነጠላዋን አጣፍታ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። እንደ ወትሮው መስሏት ነበር።

"የለም!" አለ ያየህ ብድግ ብሎ። "እርስዎን ማክበሩን አከብራለሁ። ግን መሬቱን አምና ለልጅዎ አልሰጡም? ልጅዎ ደግሞ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዷል። በየትኛው መሬትዎ ነው ዋስ የሚሆኑ?"

እታለም ክው አለች። መሬቱን ለልጇ ስትሰጥ እልል ብላ ነበር፤ ቃሏም አብሮ እንደሄደ ያኔ አልታያትም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መሪጌታም አንገታቸውን ደፍተው፣ "እውነቱን ነው፣ እታለም" አሉ። ፈራች። ያን ሁሉ ዓመት የደከመችበት ነገር በአንዲት ቁራጭ መሬት ላይ ቆሞ እንደኖረ ገና አሁን ገባት። ቀና ስትል የሰጠኝን ፊት አየች፤ ያን ጊዜ ፍርሃቷ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ ንዴት ደግሞ ይስማማታል።

"ይሁን፣ እኔ አልበቃም" አለች። "ልጄ መተማ ነው፤ እዚያ እሱም የሰው አገር ሰው ነው። እስቲ ከእናንተ መካከል ልጁ ወይ ወንድሙ መተማ ያልወረደ ይነሣ! እዚያ ክፉ ቢገጥመው ማን ዋስ ይሁንለት? የያየህን ሩዝ፣ የጎረቤቴን የአያ እንግዳውን ሩዝ፣ የእርስዎንስ ሩዝ የኔታ፣ ማን አጨደው? መሬት ያለው ይናገር። እኔ ጨርሻለሁ።"

ጎረቤቷ አያ እንግዳው መሬት መሬቱን ያያል። ያየህን ማስቀየም ማን ይወዳል? የመስኖው ውሃ የሚያልፈው በእሱ ማሳ በኩል ነው።

ከሴቶቹ በኩል ትርሲት ተነሣች፤ የያየህ ሚስት።

"እኔ ዋስ ነኝ፣ የኔታ።"

ያየህ የሰማውን ማመን አቃተው። "አንቺ! እኔ የከሰስኩትን?"

"አዎ፣ አንተ የከሰስከውን። መሬቱ የጋራችን ነው፤ እኩሌታው የኔ ነው። ወንድሜ ዘመነ መተማ ላይ ሲከሰስ ዋስ የሆነችለት ሴት ስሟን እንኳ አናውቀውም። ሰጠኝ ከጠፋ የሞተርህን ዋጋ ከድርሻዬ እከፍልሃለሁ።"

በመጀመሪያ የሳቁት አጫጆቹ ናቸው፤ ከዚያ ሴቶቹ፤ በመጨረሻ መሪጌታም አልቻሉም፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "መሬት ካላት ዋስ ናት" ብለው ፈረዱ።

እታለም ጉልበቷን ይዛ ከድንጋዩ ተነሣች። "ነይ እንግዲህ፣ ቦታሽ ነው" አለቻት። ትርሲት ከሰጠኝ አጠገብ ተቀመጠች። እታለም ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ሣሩ ላይ ቁጭ አለች፤ እግሯን ዘርግታ፣ እንደ ማንም ሰው። ደስ አላት፤ ትንሽም ቅር አላት።

ሞተሩማ እሁድ ሳይደርስ ተገኘ። የያየህ የገዛ ታናሽ ወንድሙ ሳይናገር ይፋግ ላለ አማቹ አውሶት ኖሯል። ያየህ ሰጠኝን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀው፤ ጠልቶም ቢሆን ጠየቀው።

በሳምንቱ ወረታ፣ አጫጆች ሥራ በሚጠብቁበት አደባባይ፣ እታለም እንደ ልማዷ ማለዳ ወጥታ ተቀምጣለች። ያየህ መጣ። ሩዙ ደርሶ እየረገፈበት ነው፤ ሰው በብርቱ ይፈልጋል። አዲስ የወረዱ ደገኞች ከበቡት። ከመካከላቸው ጠና ያለው ማጭዱን ከትከሻው ሳያወርድ ጠየቀው።

"ነገር ቢመጣብን፣ አያ፣ ዋሳችን ማን ነው?"

ያየህ ጭንቅላቱን አከከ። ወደ እታለም ዞር አለ። እሷ ያልሰማች መስላ ወደ ጣራ ገዳም ተራራ ታያለች፤ ጆሮዋ ግን እሱ ጋ ነው።

"ሚስቴ ናት" አለ።