በየሃያ ደቂቃው

አያት ሰዓት ሻጭ አያምኑም። ሻጭ ሁሉ «የኔ አይሰበርም» ይላል፤ መቼም ጎመን የሚሸጥ ሰው «ጠውልጓል» ብሎ አይጣራም። ስለዚህ የሚያብረቀርቁትን ሱቆች ሁሉ አልፈው በቀጥታ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄዱ።

«የትኛው ነው ተመልሶ የማይመጣብህ?» አሉት፣ ገና ደጁን ሳያልፉ።

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። «እማማ፣ እንደምን ዋልክ እንኳ አይሉም?»

«እኔ ደህና ውዬ ነው አንተን የምጠይቀው? ንገረኝ ይልቅ።»

ደህና አልዋሉም፤ ደህና ከዋሉ ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። እሳቸው ፌንጣ እያሉ የሚጠሯት የልጅ ልጃቸው ረጅም ርቀት ትሮጣለች። ርቀቱም የጤነኛ ሰው አይደለም፤ አርባ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር፣ ዳገት ለዳገት። ደግሞ ከሮጠች ራሷን ትረሳለች፣ ጥማት አይሰማትም። ለዚህ ነው ሰዓቷ በየሃያ ደቂቃው የሚጮህላት፤ ሲጮህ ትጠጣለች። ያን ቀን ግን ሰዓቱ ላብ ገባበትና መንገድ ላይ ዝም አለ። እሷም «ገና ነው፣ ገና ነው» እያለች ሮጠች። መንገድ ዳር ወድቃ ያገኛት የድንጋይ መኪና ሾፌር ነበር። አያት ሆስፒታል ሲደርሱ ከንፈሯ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ያ ከንፈር ዓይናቸውን ቢጨፍኑም ቢገልጡም ከፊታቸው አልጠፋ አለ።

ሳምንት ሳይሞላት «ሰዓቱ ተሠርቷል» ብላ ተመልሳ ወጣች። ከወር በኋላ የተራራው ውድድር አለባት። «ተሠርቷል» የሚለው ቃል ግን ለአያት አልዋጥ አላቸው። አንዴ የከዳን ነገር ደግሞ እንዳይከዳ ማን ይይዘዋል?

ሰዓት ሠሪው ሦስት ሰዓቶች ደረደረላቸው።

«ይሄ እንደሚያዩት ያምራል። በጣት ሲነኩት ይታዘዛል። ጣት ሲያልበው ግን አይሰማም።»

«እንደ ሟቹ ባለቤቴ ነዋ። ቀጥል።»

«ይሄኛው አካሉ ጠንካራ ነው፤ ማሰሪያውን የያዘችው ዘንግ ግን ቀጭን ናት። ቅርንጫፍ ሲይዘው ሰዓቱ ጫካ ይቀራል፣ ባለቤቱ ቤቱ ይገባል።»

«ባለቤቱስ ባይገባ?»

ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ አያቸውና ሦስተኛውን ገፋ አደረገላቸው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ለዓይን የማይስብ ነው። መስታወቱ ከጠርዙ ዝቅ ያለ በመሆኑ ቢወድቅ መሬት የሚነካው ጠርዙ ነው። ቁልፎቹን ያላበው እጅም ይጫናቸዋል። ጩኸቱ በነፋስ ባይሰማ አንጓን ያንዘረዝራል። «በስድስት ዓመት አንድ ብቻ ነው የመጣልኝ» አለ። «እሱም መኪና ሄዶበት።»

«ሰውየውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ያሰረው ነዋ!»

«ኧረ እማማ! ጎማ ሲቀይር አውልቆ መሬት ላይ ረስቶት ነው። በእግሩ መጥቶ፣ እያፏጨ ነው የሰጠኝ።»

አያት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ሳይከራከሩ ከፈሉ። ሰዓት ሠሪው ሃያ ደቂቃውን ሲሞላላቸው ዓይናቸው የተበላሹት ሰዓቶች ወደተከመሩበት ትሪ ሄደ። ሰማያዊ ማሰሪያ አዩ። ጫፉን በቀይ ክር የሰፉት ራሳቸው ናቸው።

ከትሪው መዘው አነሱት። «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እሱማ አብቅቶለታል። ሦስት ሳምንቱ። ውስጡ ዝጓል፣ አይጠገንም ብዬ ለልጅቷ ነግሬያት ነበር።»

ዛሬ ጠዋት ፌንጣ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ድረስ ስባ «ወደ ተራራው ነኝ» ብላ ነበር የወጣችው። አሁን ፀሐዩ አናት ይበሳል። አያት አዲሱን ሰዓት ከሰውየው እጅ ነጥቀው ወጡ፤ ከኋላቸው «ሣጥኑን!» ሲል አልሰሙትም።

«ወደ ተራራው መንገድ፣ ቶሎ!» አሉት ባጃጅ ነጂውን።

«እማማ፣ ክንፍ እኮ የላትም።»

«ታብቅላ! ንዳ!»

በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቦይ ፈጃቸው። የተጣለ ማዳበሪያ ሁሉ የወደቀች ልጅ መሰላቸው፤ የተሰጣ ጨርቅ ሁሉ ልብሷ መሰላቸው። አንዴ «ቁም!» ብለው ጮኹ፤ የፈሰሰ ሲሚንቶ ነበር። ነጂው ቀልዱን ትቶ ፍጥነት ጨመረ። የቀልዱ መቅረት ደግሞ የባሰ አስፈራቸው።

ከተራራው ሥር፣ የከተማው ውሃ ማጠራቀሚያ በር ላይ፣ አንድ ዘበኛ ቆሞ አዩ። ባጃጁ ሳይቆም ወረዱ ማለት ይቻላል።

«ልጅ! ቀጭን ልጅ፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች! ካለፈች ስንት ሰዓት ሆናት?»

«የት ታልፋለች?» አለ ዘበኛው። «ሁለት ሳምንቷ እኮ ነው አጥሬን ስትዞር። እሷን ሳይ እኔ ራሴን አዞረኝ። ሁለቴ ትዞርና ከቧንቧዬ ትጠጣለች፣ ሁለቴ ትዞርና ትጠጣለች።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ፌንጣ ከአጥሩ ማዕዘን ብቅ አለች። አያቷን ስታይ ደርቃ ቀረች።

«እማምዬ! ማን ሞተ?»

«አንቺ ነሻ! ከሱቅ እዚህ ድረስ ስንቴ ገድዬሽ መጣሁ!» ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። እርጥብ ነው። ያኔ አጥሩን ተደገፉ። «ተራራ ነኝ አላልሽኝም?»

ፌንጣ መሬት መሬት አየች። «እስከዚያ መታጠፊያ እሄዳለሁ። ከዚያ እግሬ እምቢ ይለኛል። ዛሬም ደርሼ ተመለስኩ።»

«ታዲያ ምነው ዋሸሽኝ?»

«ብነግርሽ ‹ተይው› ትይኛለሽ። አንቺ ተይው ካልሽኝ ደግሞ እተወዋለሁ፣ እማምዬ። አሁንስ አንድ ሰው እንዲለኝ ነው የምጠብቀው።»

ቃሉ አያት ምላስ ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲመኙት የቆዩት ነገር በስሎ እጃቸው ላይ ወድቋል፤ ተይው ቢሏት ነገ ቤት ናት፣ ከነገ ወዲያም ቤት ናት። ግን የልጅቷ እጆች ይንቀጠቀጣሉ። መንቀጥቀጡን ያውቁታል፣ የራሳቸው ነው። በየማታው ከንፈሯን እየዳበሱ፣ በየጠዋቱ ደጅ ድረስ «ተጠንቀቂ» እያሉ፣ ፍርሃቱን በማንኪያ በማንኪያ ያጎረሷት እሳቸው ናቸው።

ሰዓቱን አንጓዋ ላይ አሰሩላት። ማሰሪያው በሦስተኛው ሙከራ ገባ።

«ኮዳሽን ሙዪ። ሲያንዘረዝርሽ ትጠጪና ወደዚህ ትመለሻለሽ። ሁለተኛ ሲያንዘረዝርሽ እዚህ ፊቴ ነሽ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እዚህ ተቀምጬ እፈራለሁ። የሁለታችንንም እኔ እፈራዋለሁ፤ ለመፍራት ልምዱ አለኝ። አንቺ ሩጪ።»

ፌንጣ ሄደች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ቆመች። ዘወር አላለችም፣ ቆመች ብቻ። አያት «ነይ» የሚለው ቃል እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ጫኑ።

ዘበኛው በርጩማ አወጣላቸው። «አይዞዎት እማማ፣ ልጅ እኮ...»

«ዝም በል!» አሉት በጣቶቻቸው መሃል።

አረንጓዴው ሹራብ ተነቃነቀ፣ ታጠፈ፣ ጠፋ። አያት በርጩማውን ትተው ቆመው ቀሩ።