ያልተመለሰው እጅ

የሙሴ ሉድገር እግር የተቃጠለው እዚሁ ካናዳ፣ ጋስፔ ውስጥ፣ ሸርጣን በሚቀቀልበት ፋብሪካ ነው። ቁስሉ መታጠብ አለበት። ሞርፊን ሲሰጣቸው ግን ትንፋሻቸው ሊቆም ይደርሳል፤ ያለ ሞርፊን ደግሞ አያስነኩም። ሐኪሟ ቁርጡን ተናገረች፦ ዛሬም ካላስነኩ ሩቅ ወዳለው ኬቤክ ከተማ ይላካሉ። ሚስታቸው ማዳም ዦርዤት ኩላሊታቸው በማሽን ስለሚታጠብ ተከትለዋቸው መሄድ አይችሉም።

እኔን ጠሩኝ። ነርስ ነኝ። ሂፕኖሲስን፣ በቃል ብቻ ሰውን ከህመሙ ማራቅን፣ ቤልጂየም ተምሬ ነው የተመለስኩት።

"ጠንቋያችን መጣች!" አለ ባልደረባዬ ዣኖ የፋሻውን ጋሪ እየገፋ። "እኔንም አስተኚኝና ፈረቃዬን ጨርሺልኝ።"

አልሳቅኩም፣ አልተናደድኩምም። ከተመለስኩ ወዲህ ብዙ ነገር እንዲሁ ያልፈኛል።

"ስሚ ልጄ" አሉ ሙሴ ሉድገር፣ "ባሕር ዳርቻ ላይ ተጋድመዋል ምናምን እንዳትዪኝ። ባሕር ለእኔ ሥራ ነው።"

"የት ልውሰድዎት ታዲያ?"

"በረዶው ላይ። ዓሣ ስጠብቅ።"

ወሰድኳቸው። በረዶው ላይ የተበሳው ቀዳዳ፣ ጥቁሩ ውሃ፣ ጓንት የሌለው ግራ እጅ፣ እየደነዘዙ የሚሄዱ ጣቶች። ከዚያ ያን እጅ እግራቸው ላይ እንዲያሳርፉ፣ ድንዛዜው ወደ ቁስሉ እንዲወርድ ነገርኳቸው። ዣኖ ፋሻውን ፈታ፣ አጠበ፣ የሞተውን ቆዳ አነሳ። ሙሴ ሉድገር አልተንቀሳቀሱም። እኔ በዝግታ ማውራቴን ቀጠልኩ፤ ከምለው አንዱንም አላምንም ነበር።

እንዳለቀ ዓይናቸውን ገለጡ። ለሐኪሟ ልነግራት ወጣሁ።

"እንግዲያው አይሄዱም" አለች፤ ቀድማኝ ሄዳ ራሷ ነገረቻቸው።

ስመለስ ማዳም ዦርዤት አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል።

"እጄን አትይዢኝም እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ?" ይላሉ ሙሴ ሉድገር። "አትሄድም ተባልኩ እኮ!"

"ምን ሆነሃል ሰውዬ? ከያዝኩህ ቆየሁ!"

ግራ እጃቸው በሚስታቸው ሁለት እጆች መሃል ነበር። የሰጠነውን ድንዛዜ መልሰን እንወስዳለን፤ መጀመሪያ የሚያስተምሩን ይህንን ነው። ረስቼዋለሁ።

ወንበር ሳብኩ። "ሙሴ ሉድገር፣ እጅዎን ልመልስልዎት።"

"እግሩም አብሮ ይነቃል?"

"አላውቅም።"

የሌላ ሰው የሚመስለውን እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ሚስታቸውን።

"መልሺው።"

ከበረዶው ተነስተው ቤት መግባታቸውን፣ ምድጃው መሞቁን፣ ሙቀቱ ጣቶቻቸውን መውረር መጀመሩን ነገርኳቸው። ጣቶቹ ቀስ ብለው በማዳም ዦርዤት መዳፍ ላይ ታጠፉ። ወዲያው ፊታቸው ተጨማደደ፣ ጥርሳቸውን ነከሱ።

የሚስታቸውን እጅ ግን አልለቀቁም።