ቁጥር 417 ይግባ ወይስ ይውጣ

ከአበልጄ ከእንዳላማው ጋር የተኳረፍነው በአንድ ወረቀት ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ! እኔ ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አላናገርኩትም፤ የሴት ልጁ የክርስትና እናት ሆኜ፣ ቢሯችን ግድግዳ ለግድግዳ ሆኖ።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ የአፈር ትምህርት አስተምራለሁ፤ ዶክትሬቴንም እየሠራሁ ነው። የእኛ ደጋ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ የተዘራበት ገብስ ገና በቡቃያው ቢጫ ይሆናል። መድኃኒቱ ኖራ መጨመር ነው ይባላል። አማካሪዬ፣ "ከሁሉ በፊት ስለ ኖራ እስከ ዛሬ የተጻፈውን በሥርዓት መርምሪ፤ ሲስተማቲክ ሪቪው ሥሪ" አሉኝ። በሥርዓት ሲባል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሰዎች ጽሑፎቹን ለየብቻ ያነባሉ፤ ሳይመካከሩ እያንዳንዱን "ይግባ" ወይም "ይውጣ" ይላሉ። ከዚያ ይገናኙና ያልተስማሙበትን ተነጋግረው ይጨርሳሉ፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። እኔ የሰበሰብኩት አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ ሦስት ጽሑፍ ነበር። ይህን ሁሉ በነጻ የሚያነብልኝ ማን ጅል አለ? አበልጅ ነዋ! አበልጅ እምቢ አይልም።

እንዳላማው አነበበልኝ፤ መድኃኔዓለም ይስጠው። ለማንም እንዳያዳላ የጸሐፊዎቹን ስም አጥፍቼ በቁጥር ብቻ ነበር የሰጠሁት። ስንገናኝ በሠላሳ ስምንቱ አልተስማማንም። ሠላሳ ሰባቱን በአንድ ከሰዓት ጨረስን፤ አንዳንዱን እሱ ለቀቀ፣ አንዳንዱን እኔ። አንዷ ቀረች። ቁጥር 417።

ቁጥር 417ን የጻፍኳት እኔ ነኝ።

የማስተርስ ሥራዬ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ጉንደ ወይን አጠገብ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ መደብ አወጣሁ፤ በግማሹ ኖራ አስበተንኩ፣ ግማሹን ለማነጻጸሪያ ባዶውን ተውኩት፣ ሁሉንም ገብስ አዘራሁበት። ውጤቱ ጉድ ነበር፤ ልዩነት የለም! ኖራ የነካውም ያልነካውም እኩል አፈራ። ወረቀቷ በመጽሔት ታተመች፤ እናቴ ዳቦ ደፋች። የዶክትሬቴም ጥያቄ የበቀለው ከእሷ ነው፦ ሌላ አገር የሠራ ኖራ እኛ ዘንድ ለምን እምቢ አለ? እሷ ከወጣች ጥያቄ የለኝም። ጥያቄ ከሌለኝ ዶክትሬት የለኝም። ሰኞ ለትምህርት ክፍሉ ካላቀረብኩ ደግሞ የጥናት ፈቃዴ ይሰረዝና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ፈተና ሳርም እኖራታለሁ።

በእርግጥ ደንቡ የራስህን ጽሑፍ አትዳኝ ይላል። አውቃለሁ። ደንቡን ያወጣው ሰው ግን ማስተርሱን ጉንደ ወይን ጭቃ ውስጥ ቆሞ አልሠራም።

ያን ቀን እንዳላማው ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረና፣ "አበልጄ፣ ይቺ ትውጣ" አለ። "እዪ እስኪ፣ ኖራ ያልነካው መደብም ኮምጣጣነቱ ቀንሷል። እንዴት ሆኖ? ሰውዬው ማነጻጸሪያውን ጸበል አስረጭቶት ነው?"

ይህን ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ።

"የጻፈው ባለሙያ ነው!" አልኩት።

"እኮ ማን?"

"ስም አይነገርም!"

"ታዲያ አንቺን ምን አንገበገበሽ?"

"አንተ ድሮም ሰው ማቃለል ትወዳለህ!" ብዬ በሩን ደርግሜ ወጣሁ። ለካ ቢሮው የእኔ ነው! እሱ ወንበሬ ላይ ቀረ፣ እኔ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ቦርሳዬን ለማውጣት እንኳ እስኪሄድ ድረስ መጠበቅ ነበረብኝ።

ሚስቱ ሃኒ ነገሩን ለጋሽ ፍሥሐ አደረሰችው። ጋሽ ፍሥሐ ዕድሜያቸውን ሙሉ የድንበር ክርክር ሲያስታርቁ የኖሩ የሠፈራችን ሽማግሌ ናቸው። "አበልጅና አበልጅ ተኳርፎ ልጅቷ ምን ትሁን!" ብለው ቅዳሜ ረፋድ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እንዳላማውን ከኋላ አስከትለው ቢሮዬ ድረስ መጡ።

"ጠባችሁ በምንድን ነው?" አሉ ገና ሳይቀመጡ።

"በአንድ ጥናት ነው፣ ጋሼ።"

"ከስንት?"

"ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ ሦስት።"

"ወይ ጉድ! ለመሆኑ ይህን ሁሉ የምታነቢው ለምንድን ነው?"

"ማንም ያልጠየቀውን ለመጠየቅ ነው።"

"ያ ሁሉ ሰው ጠይቆ የተረፈ ጥያቄ አለ? በይ ይሁን" ብለው ተቀመጡ።

እንዳላማው ከሰሰ፣ እኔ መለስኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙን። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ "ኖራ ያላገኘው መሬት ያለ ምክንያት አይሻለውም ነው የምትለው?" አሉ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አንቺስ?"

"ሊሆን ይችላል ነው የምለው።"

"ሊሆን ይችላል ምስክር አይሆንም። የመሬት ነገር በወረቀት ብቻ አያልቅም፤ ወሰንተኛ ይጠየቃል፣ ባለ ማሳው ይጠየቃል።"

እንዳላማው ዓይኑ በራ። "የሪቪው ደንብም ይኸው ነው! ያልተብራራ ነገር ሲኖር ጸሐፊው ይጠየቅ ይላል። ኢሜይል እንጻፍለት።"

"አያስፈልግም" አልኩ።

"ለምን?"

"ጸሐፊዋ እዚህ አለች።"

እንዳላማው መጀመሪያ ዞሮ በሩን አየ። ከዚያ እኔን አየ። "በስመ አብ!" አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጋሽ ፍሥሐ ግን አልደነቃቸውም። "ከራስ በላይ ነፋስ አሉ! በገዛ ጉዳይሽ ዳኛ ሆነሽ ነዋ የተሰየምሽው። በይ ለባለ ማሳው ደውዪ፤ እኛም እንስማው።"

ምን አማራጭ አለኝ? ደወልኩ።

"የብርጓል!" አሉ አያ የሺዋስ፤ ድምፃቸው ቢሮውን ሞላው። "ኧረ ልጄ ጠፋሽ! ምነው እንዲህ መጨከን!"

ደህንነታቸውን፣ ሚስታቸውን እማማ ዘቢደርን፣ ከብቱን ሁሉ ጠየቅሁ። ጋሽ ፍሥሐ በእጃቸው ቶሎ በይ አሉኝ።

"አያ የሺዋስ፣ ያኔ ኖራ ያልጨመርንባቸው መደቦች ነበሩ። ያስታውሷቸዋል?"

"እንዴት እረሳለሁ!"

"ምናልባት... የነካቸው ነገር ነበር?"

ሳቁ። "ያኔ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ኖራውን አስበትነሽ በሄድሽ በሳምንቱ ዘቢደር ማሳውን አየችና፣ 'አንዱን ልጅ አብልቶ አንዱን ማስራብ ነውር አይደለም?' አለችኝ። እውነቷን ነው። አንቺ የተውሽው ኖራ ጎተራው ሥር ነበር፤ ላልደረሳቸው አዳረስንና አርሰን ከአፈሩ ጋር ደባለቅነው። ለዘር ስትመጪ ሁሉም ታርሶ ጠበቀሽ፤ በምን ታውቂያለሽ?"

የእንዳላማው ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቁን ለማፈን የሹራቡን እጅጌ ነክሷል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ታዲያ እንዴት ያማረ ገብስ ሆነ መሰለሽ!" ቀጠሉ አያ የሺዋስ። "ያ ማሳ ከዚያ በፊት የዘሩን ያህል እንኳ አይመልስም ነበር። ሰዉ መጀመሪያ ኖራ ምን ይረባል ብሎ ሲስቅብን፣ የሰጠሽኝን ወረቀት እያሳየሁ፣ 'ይኸው ዩኒቨርሲቲው መስክሯል!' አልኩት። በላስቲክ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኳት። ዛሬ በቀበሌያችን ኖራ ያልጨመረ ሰው ብትፈልጊ አታገኚም።"

ወረቀቷ የተጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። አያ የሺዋስ እንግሊዝኛ አያነቡም።

ዝም ብል ማንም አያስገድደኝም ነበር። ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። "አያ የሺዋስ፣ ወረቀቷ እንደዚያ አትልም።"

"ምን ትላለች?"

"ኖራ አይሠራም ነው የምትለው።"

ድምፃቸው ወረደ።

"እኔ ማሳ ላይ ቆመሽ?" አሉ።

"አዎ።"

"ያን ገብስ እያየሽው?"

አላየሁትም ነበር። መዝኜው ነው የሄድኩት። የወትሮውን የገብሳቸውን ነገር አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ዓይኔ ያለው ሚዛኑ ላይ ነበር። አፈርኩ፤ እንባዬ መጣ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ኖራው ሠርቷል። ወረቀቷ መሳሳቷን ሰኞ በሁሉም ፊት ቆሜ እናገራለሁ።"

"ኧረ ተይ!" አሉ ደንግጠው። "ወረቀቷ አይሠራም ማለቷ ከተሰማ ሰዉ ኖራውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል፤ አፈሩ ገና ማገገሙ ነው! መናገሩ ግድ ከሆነብሽ በእንግሊዝኛ ተናገሪው። እዚህ አይደርስም።"

እንዳላማው መቻል አቃተው፤ ጋሽ ፍሥሐም ሳቁ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። እማማ ዘቢደርን ሳሙልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያ ኮምፒዩተሩን ወደ ራሴ ሳብኩና ቁጥር 417ን በገዛ እጄ "ትውጣ" አልኳት። ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ "ማነጻጸሪያ አልነበረውም፤ ጸሐፊዋ ስድስት ዓመት ሙሉ አላወቀችም" ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። የውሳኔውን ቅጽ አትሜ ፈረምኩበት። እንዳላማው እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብሎ ከሥር ፈረመ። ያን ጊዜ እየሳቀ አልነበረም።